የአንድ እጅ ጥፍር

ሴይኪቺ ይሮጣል። ሩጫ ከተባለ። ቀኝ እግሩ ይዘላል፣ ግራው ተጎትቶ ይደርስበታል። ከዘራውን ቤተ መቅደሱ ውስጥ ረስቶታል። አንድ ጫማውን ከበሩ ሳይርቅ ጭቃ ውጦታል፣ ዞሮም አላየው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ከአባቱ ጀምሮ ጃንጥላ ሠሪ የሆነ ሰው፣ ራሱ ላይ አንዲት ጨርቅ እንኳ ሳይጥል ውሃው በአንገቱ እየገባ በእግሩ ይወጣል።

"አንተ ባለ ሦስት እግር! ቀብር አቋርጠህ ወዴት ነው?"

ከኋላው የሚጮኸው ጎንሮኩ ነው፣ የሰፈሩ ማኅበር አለቃ። ሴይኪቺ አልመለሰለትም።  አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፤ ጎረቤቱን ኪኑን ጨርሰው ከቤቷ ሳያባርሯት ልድረስ። ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚል አላሰበበትም። ቢያስብበት ኖሮ አይሮጥም ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው።

ዛሬ የኢዋዞ ቀብር ነበር። ኢዋዞ ከተራራው ቀርከሃና ግንድ አስሮ፣ እሱ ላይ ቆሞ በናጋራ ወንዝ ቁልቁል የሚያወርድ ጎልማሳ ነበር። ባለፈው መኸር ቀይዋ የዘመቻ ወረቀት መጣችለትና ሄደ። አሁን ደቡብ ካሉት ደሴቶች አንዱ ላይ ወደቀ ተባለ። ከጦሩ የመጣው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሳጥን ነው። ሲነቀንቁት ኳ ኳ ይላል። ጠጠር ነው። ጠጠር መሆኑን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፣ የሚናገር ግን የለም። ለዚህ ሲባል ነው ዘማች ሁሉ ከመሄዱ በፊት የእጁን ጥፍር ቆርጦ፣ በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ሚስት ያለው ለሚስቱ፣ የሌለው ለእናቱ ትቶ የሚሄደው። ሬሳው ካልመጣ የሚቀበረው ያ ጥፍር ነው።

እናቱ እማማ ሺጌ ጥቅሉን ከብብታቸው አውጥተው መነኩሴው ፊት ፈቱት። እስከ ዛሬ ከፍተውት አያውቁም፤ መክፈት ሞቱን መጥራት ነው ብለው። ወደ ሳጥኑ ሊገለብጡት ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። በጣታቸው ጫፍ እያገላበጡ ፈለጉ። እንደገና ፈለጉ።

"የተሰነጠቀው የታለ?" አሉ።

"ምን አሉ እማማ?"

"የልጄ ግራ አውራ ጣት! ሕፃን ሆኖ ግንድ አርፎበት ለሁለት የተሰነጠቀው። በጨርቅ እየጠቀለልኩ ያዳንኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ይጠፋኛል? የለም። ይኸው፣ አውራው አንድ ብቻ ነው። ቀኙ ብቻ ነው ያለው። ግራ እጁን በሙሉ ወስደውብኛል!"

 አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሣ። ሰው የእጁን ጥፍር ለሁለት ከፈለ ማለት ሁለት ሰው አለው ማለት ነው። አንዷ እናቱ ናት። ሌላዋስ?

"ሚስት አላገባም" አለ ጎንሮኩ ጉሮሮውን እየጠረገ። "እንግዲያው ያላገባት ሴት አለች።"

"በኪኑ ጓሮ በኩል ሲመላለስ ስንቴ አየነው" አለች ከኋላ አንዷ፣ ቀስ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ።

"ቀርከሃ ሊያራግፍ ነዋ" አለች ሌላዋ።

"ምሽት ላይ? ባዶ እጁን? የትኛው ቀርከሃ ነው እሱ?"

የኪኑ ባል በርማ ግንባር ነው። አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። ሴትዮዋ ፊታቸው እንደ ወረቀት ነጣ። ኪኑ ጉልበቷ ላይ ያደረገቻቸውን እጆቿን ከማየት በቀር ምንም አላደረገች።

የባሰው ግን የእማማ ሺጌ ነው። ቢቆጡ በተሻለ። በጉልበታቸው ድኸው ኪኑ ፊት ደረሱና እጇን ያዙ።

"ልጄ፣ አልቆጣሽም። ወደሽውም ከሆነ እሰየው፣ ልጄ ሳይወደድ አልሞተም። ግን ስጪኝ። ያን ወንዝ መሻገር አለበት፣ የሙታኑን ወንዝ። ዕድሜውን ሙሉ ወንዝ ላይ የኖረ ልጅ፣ በአንድ እጁ እንዴት አድርጎ ይቀዝፍ?"

"እኔ ጋ የለም እማማ" አለች ኪኑ።

ከዚያም ቀና አለች፤ ለአፍታ ሴይኪቺን አየችው። ለአፍታ ብቻ። መልሳ አቀረቀረች።

ኪኑ ታውቃለች። ሌላ ማንም አያውቅም፣ እሷ ታውቃለች። ባለፈው መኸር መጀመሪያ ቅርጫት ልትበደር የሴይኪቺን የቀርከሃ መጋዘን በር ከፍታ እሱንና ኢዋዞን አብረው አይታቸዋለች። ምንም ሳትል ወጣች። በማግስቱ የተቀቀለ ስኳር ድንች ይዛ መጣችና ለሴይኪቺ ሰጥታው "በሩን ቀርቅሩ እንጂ፤ ሰው ሁሉ እኔ አይደለም" ብላው ሄደች። ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም። አሁንም አላነሳችውም።

"እሷ አይደለችም" አለ ሴይኪቺ። 

ጎንሮኩ ዞረ። "አንተ ደግሞ የሴት ነገር ምኑ ገብቶህ ነው? ሴት ቀርቶ ጦሩ እንኳ አይፈልግህ!"

ቀብር ላይ ሰው ሳቀ። መነኩሴው ሹፈቱን እንዳልሰሙ ሆነው መቁጠሪያቸውን አንቀሳቀሱ።

የኪኑ አማት ተነሡ። "የሰው ሥጋ ደብቀሽ ቤቴ አትገቢም። ሂጂ፣ እማማ ሺጌ ደጅ ተንበርከኪ። እስክትመልሺ ደጄን እንዳትረግጪ።" ጎንሮኩም ጨመረበት፤ "ለባልሽ ጦር ክፍል አስታውቃለሁ። ሰውየው አገር ሲጠብቅ ቤቱ ውስጥ ምን ሲሠራ እንደነበር ይወቅ።"

ሴይኪቺ የተነሣው ያኔ ነው። ከዘራውን ረስቶ።

ሴይኪቺ ሲወለድ ሁለቱም እግሩ ደህና ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላው ትኩሳት ያዘው፣ ትኩሳቱ ሲለቀው ግራ እግሩን ይዞ ሄደ። እናቱ ስታለቅስ አባቱ "ጃንጥላ የሚሠራው በእጅ ነው" ብለው ዘጉት። አባትየው ብዙ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። ቀርከሃ መሰንጠቅ፣ ክፈፉን መደርደር፣ ወረቀት መለጠፍ፣ ካኪ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ጭማቂ መቀባት፣ በመጨረሻ ዘይት ማጠጣትና ወንዙ ዳር ጠጠሩ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ማስመታት፤ ያወረሱት ይህን ነው። ከካኪ ጭማቂ ጋር የኖረ ሰው ጥፍሩ እንደ ሻይ ይቀላል፣ ቢያሽ ቢፍቅ አይለቅም። በመንደሩ እንዲህ ያለ ጥፍር የቀረው ሴይኪቺ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሠሪዎች ዘምተዋል፣ አባቱም ሞተዋል።

ለወታደርነት ሲመረመር ራቁቱን አሰልፈውት ሐኪሙ እግሩን በብዕሩ ጫፍ ነካ አድርጎ "ሂድ" አለው። ውጭ ጎንሮኩ እየጠበቀ ነበር። "ምነው ቢወስዱህ! ጠላት አንተን ሲያይ በሳቅ ይሞት ነበር።" ሴይኪቺም አብሮ ሳቀ። ከልጅነቱ የተማረው እሱን ነው፣ ሰው ሲስቅበት ቀድሞ መሳቅ።

ኢዋዞን ያገኘው በጃንጥላ ሰበብ ነው። ጦርነቱ ገና ዘይቱን ሳይጨርሰው፣ የጸደይ ጊዜ፣ ወንዙ ዳር አስጥቷቸው የነበሩትን ጃንጥላዎች ነፋስ አንስቶ ውሃው ላይ በተናቸው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ እየተንሳፈፉ ቁልቁል ሄዱ። ሴይኪቺ እስከ ጉልበቱ ገባና ቆመ፤ ከዚያ በላይ እግሩ አይሸከመውም። ያኔ ነው ከላይ ቀርከሃ ላይ ቆሞ የሚመጣ አንድ ረጅም ሰው በመቅዘፊያው እያጠመደ አንድ በአንድ የሰበሰባቸው።

"ያንተ ናቸው እነዚህ የሚዋኙት?" አለ ሰውየው።

"ክፈፉን እንዳትይዘው! በእጀታው!"

"እናንተ ሰፈር ሰው አመሰግናለሁ የሚለው መቼ ነው?"

"ሳትሰብር ስታመጣቸው።"

ሰውየው ሳቀና አፋፉ ላይ ደርድሮለት፣ አንዷን ዘርግቶ ከሥሯ ተቀመጠ። ፀሐይ ነበረች፣ ጃንጥላ የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም። "ይቺ ለድካሜ" አለ። ሴይኪቺም አጠገቡ ተቀመጠ። በወረቀቱ የሚያልፈው ብርሃን የሰውየውን ፊት እንደ ማር አድርጎት ነበር። ያቺን ጃንጥላ ሴይኪቺ አልሸጣትም።

ከዚያ በኋላ ኢዋዞ ቀርከሃ በመጣ ቁጥር ማራገፉ ይረዝማል። ቀርከሃ በሌለም ጊዜ ይመጣል። ወሬኛ ነው፣ ይዘፍናል፣ ሲስቅ ወንዙ ማዶ ይሰማል። "ዝም በል፣ ሰው ይሰማናል" ሲሉት ይብስበታል። ሴይኪቺ የዚያን ሰው ግራ አውራ ጣት መዳሰስ ይወዳል፣ ጥፍሩ መሐል ያለችውን ስንጥቅ። "ይቺ የኔ ናት" ይለዋል። "ውሰዳት፣ ለሥራም አትሆነኝ" ይለዋል ኢዋዞ። በሰው ፊት ደግሞ አንዱ ሌላውን በሙሉ ዓይኑ አያይም። የሚተያዩት ጃንጥላ ቤቱ ውስጥ፣ በተቀረቀረ በር ነው። የዘመተ ወንድ በሞላበት፣ ያልዘመተ ሁሉ በሚጠረጠርበት ጊዜ፣ ሁለት ወንዶች አንድ መጋዘን ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ጎንሮኩ ቢሰማ የፖሊሱ ጣቢያ ሩቅ አይደለም። ሕግ ባይጠቅስ ሰበብ አያጣም።

ቀይዋ ወረቀት የመጣች ዕለት ኢዋዞ እየሳቀ ነው የነገረው። መሄጃው ቀን ማለዳ ደግሞ፣ ባቡር ጣቢያ ባንዲራ ይዘው የሚሸኙት ሳይሰበሰቡ፣ መጣ። ሴይኪቺ መቀስ አዘጋጅቶ ጠበቀው።

"እጅህን አምጣ።"

"እሱን እኮ ለእናቴ ነው የምቆርጠው።"

"ቀኙን ለእናትህ። ግራውን ለእኔ።"

"እንደ ዓሣ ልትካፈሉኝ?"

"እንደ ዓሣ።"

"እንግዲያው ጭንቅላቱ ላንተ ደረሰህ፣ ስንጥቁ ግራው ላይ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ ሴይኪቺ። "ለሱ ነው የጠየቅኩት።"

ተቆርጦ ሲያልቅ ኢዋዞ መቀሱን ነጠቀው። "ያንተንም ቀኝ አምጣ። የኔ ግራ፣ ያንተ ቀኝ፣ አንድ ሰው ይወጣናል።" የሁለቱንም አንድ ላይ አደረጉት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሴይኪቺ ለማንም አልተናገረም።

ስህተቱን የሠራው ያን ቀን ነው። ነጭ ወረቀት እርጥበት ይገባዋል ብሎ፣ በማሰሮው ሥር የቀረችውን የመጨረሻ ዘይት ቀድሞ አንዲት ወረቀት አጠጥቷት ነበር። ግን ሰማዩ ደመና ነበርና አልደረቀችም። ያልደረቀ የዘይት ወረቀት አይታጠፍም። ይህን ጃንጥላ ቤት የገባ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ይማረዋል፣ ካልሰማ በጥፊ ይማረዋል። ሴይኪቺ ግን ቸኩሎ ነበር፣ ከጣቢያው በኩል የከበሮው ድምፅ ጀምሯል፣ አጠፈው፣ ደጋግሞ አጠፈው፣ በዚያች በቀረችው ጃንጥላ የቀርከሃ እጀታ ውስጥ ከተተው፣ ጣሪያው ላይ ሰቀለው።

አሁን ጃንጥላ ቤቱ ደርሶ ያቺን ጃንጥላ አውርዶ እጀታውን ጉልበቱ ላይ ሰበረው።

ጥቅሉ ወጣ። ሊፈታው ሞከረ፣ አልፈታ አለ። ዘይቱ ደርቆ ወረቀቱን ከወረቀቱ፣ ጥፍሩን ከጥፍሩ አጣብቆታል። እንደ ሙጫ። ቢላዋውን አነሣ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የኢዋዞን ጥፍሮች ይለያል፣ የራሱን ይጥላል፣ ከዚያ አንድ ነገር ይፈጥራል፤ መጋዘን ውስጥ ረስቶት ሄዶ፣ ቀርከሃ መሐል ወድቆ፣ ዛሬ አገኘሁት ይላል። ኪኑ ትድናለች። እሱም ይድናል። የቢላዋውን ጫፍ ከጠርዙ አስገባ። ቀጭን ድምፅ ተሰማ፣ ጠቅ የምትል። እጁን አቆመ።

ወደ በሩ ሄዶ ጥቅሉን ወደ ብርሃኑ ዘረጋው። ዘይት የጠጣ ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል፣ ሥራው ነው። ውስጡ ቁልጭ ብሎ ታየው። ስንጥቋ ያለችው ነጭ ጥፍር፣ ከላይዋ የተጋደመችባት እንደ ሻይ የቀላች የራሱ አውራ ጣት ጥፍር። ቢላዋው ትንሽ ቢገፋ ስንጥቋ ለሁለት ትሄዳለች። እናትየዋ የጠየቁት እሷን ነው፣ ከሁሉ እሷን።

ቢላዋውን አስቀመጠ። አንድ ሐሳብ ደግሞ መጣበት፤ ወንዙ ቅርብ ነው፣ ይጣለውና ይለቅ። ማንም አያውቅም። ኪኑ አትናገርም፣ እስከ ዛሬ አልተናገረችም። ይህን ሐሳብ አሰበው፣ ሙሉ በሙሉ አሰበው፣ እስከ መጨረሻው ድረስ። እግሩን ወደ ወንዙም ሁለት ሦስት ጊዜ አንቀሳቅሶ ነበር። የመለሰው ጀግንነት አይደለም። ያቺ ልጅ ዝናብ ላይ ተንበርክካ ዝም ማለቷ ነው። ዝም ማለቷ አናደደው። ምነው ብትናገርና በተገላገልኩ ብሎ ተናደደባት፣ በንዴቱም ጥቅሉን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ወጣ።

ኪኑ እማማ ሺጌ ደጅ፣ ጣሪያው ውሃ በሚያንጠባጥብበት ሥር ተንበርክካለች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተጣብቋል። ሲያያት ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"ተመለስ" አለችው። "አብደሃል እንዴ?"

"ተነሺ።"

"እኔን ቢበዛ ያባርሩኛል። አንተን ግን..."

"ተነሺ አልኩሽ እህቴ፣ ትታመሚያለሽ።"

ተንሸራታቹን በር ከፍቶ ገባ። እማማ ሺጌ ሳይቀበር የተመለሰውን ሳጥን ይዘው የቤታቸው መሠዊያ ፊት ተቀምጠዋል፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ነው። ጭቃ ለብሶ፣ አንድ ጫማ አድርጎ ሲያዩት መጀመሪያ አልለዩትም።

"የጃንጥላው ልጅ? ምን ሆነሃል?"

 ጥቅሉን አውጥቶ በሁለት እጁ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና ግንባሩን መሬት አስነካ። ቀና አላለም። የሴትዮዋ ልብስ ሲንሿሿ ሰማ። ጥቅሉን ሲያነሡት፣ ለመፍታት ሲሞክሩ፣ እንደማይፈታ ሲገባቸው፣ ወደ በሩ ብርሃን ሲሄዱ፣ ይህን ሁሉ በጆሮው ነው ያየው።

"ይቺው" አሉ። "ይቺው ልጄ። ይቺው ስንጥቄ።"

  ተመልሰው አጠገቡ ተቀመጡ፣ ቀኝ እጁን ከመሬት አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ጥፍሮቹን አዩ። ጥቅሉን አዩ። ደግመው ጥፍሮቹን አዩ። እጁን አልለቀቁትም፣ አልጨበጡትምም፤ መዳፋቸው ላይ እንደ ዕቃ አስቀመጡት።

"ሴት አይደለችም" አሉ በመጨረሻ።

"አይደለችም እማማ።"

"ሰርቀህ ነው?"

ይህን ጥያቄ አልጠበቀውም ነበር። በር ነበር፣ ከፍተው የሰጡት በር። አዎ ቢል ሌባ ነው፣ ሌባ ይደበደባል፣ ይታሰራል፣ ይወጣል። የኢዋዞም ስም ይተርፋል። አፉን ከፈተ።

"ሰጥቶኝ ነው" አለ።

ከውጭ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። እንጨት በድንጋይ ላይ። ሴይኪቺ ያን ድምፅ ያውቀዋል፣ የራሱ ከዘራ ነው።

"እማማ ሺጌ!" የጎንሮኩ ድምፅ ነው። "ይሄ ባለ ሦስት እግር እዚህ ገባ አሉኝ። ከዘራውን ረስቷል፣ ላቀብለው ብዬ ነው። ደግሞ ይቺ ልጅ ተናዘዘች?"

እማማ ሺጌ በሩን ስንጥቅ ያህል ከፈቱ። ከኋላቸው ያለው እንዳይታይ በሙሉ አካላቸው ጋረዱት።

"ጥፍሩ ተገኘ። ከመደርደሪያው ሥር ወድቆ ኖሯል። እኔ አሮጊቷ ነኝ ያላየሁት።"

"ከመደርደሪያው ሥር?"

"አልሰማህም እንዴ ጎንሮኩ? የጀግና እናት ሁለቴ ታናግራለህ? ይልቅ ይቺን ልጅ ወደ ቤቷ ውሰዳት። አማቷን፣ ሺጌ ተሳስቼ ነው ብላለች በላቸው። ነገ መጥቼ መሬት ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

የኪኑ የእግር ድምፅ ሲሄድ ተሰማ። የጎንሮኩ አልተሰማም። እማማ ሺጌ በሩን ዘጉና ተመልሰው ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ለስላሳ ግን አልነበረም።

"ጣቢያው ላይ እየሳቀ ነው የሄደው። ሰው ሁሉ አወደሰልኝ፣ የእርስዎ ልጅ አንዲት እንባ አልወጣውም አሉኝ። እኔ ግን ማታ ማታ ይሄ ልጅ ለማን አለቀሰ እላለሁ። ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፣ ሳያለቅስ አይሄድም።" ቆም አሉ። "አንተ ጋ አለቀሰ?"

"አለቀሰ።"

"ብዙ?"

"ድምፁ እንዳይሰማ ትከሻዬን ነክሶ ነው ያለቀሰው" አለ ሴይኪቺ። "እማማን አደራ አለኝ። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ መጥቼ ጠይቄዎት አላውቅም፣ ፈርቼ።"

 ፊታቸው ላይ ምን እንዳለ ለማየት ቀና ሊል ነበር፣ አልደፈረም። እማማ ሺጌ ጥቅሉን አንስተው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡና መጋረጃውን ዘጉ። ሳጥኑን አልወሰዱትም። ሂድም አላሉት፣ ተቀመጥም አላሉት። ከውስጥ መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ፣ ብረት ነክ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ መቀስ ይሁን ቢላዋ አይለይም። 

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ከዘራው ኳ ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ኳ ይላል፤ ጎንሮኩ አልሄደም። ሴይኪቺ ያለ ከዘራ፣ በአንድ ጫማ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መጋረጃውን ያያል። እማማ ሺጌ ጥቅሉን ለሁለት ከፍለው ይውጡ፣ እንዳለ ይዘውት ይውጡ አያውቅም። እሱም ሲወጡ ምን እንደሚል አያውቅም።